ቁርጡን ወይስ ቁረጡ

«ምላሴ ነው ወይስ ጆሮሽ የልጄን እግር ያስቆረጠው?» አሉኝ ቄስ ሞላ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ።

ሰቆጣ መናኸሪያ ነበርኩ። የወልድያው ሚኒባስ እስኪሞላ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ቆሎ እቆረጥማለሁ። መጀመሪያ አላወቅኋቸውም። ከስተዋል፣ ጥምጥማቸውም አቧራ ለብሷል። ከጋዝጊብላ በእግራቸው መጥተው፣ እናቴ ቤት ጠይቀው፣ «ዛሬ ትሄዳለች፣ መናኸሪያ ናት» ተብለው ነው ያገኙኝ። ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ እንዲህ ፈልጎ ሲያገኝሽ ጤናሽን ሊጠይቅ አይደለም።

«የቱን ነው አባ?» አልኳቸው። የቱን እንደሆነ በደንብ አውቃለሁ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ፈተናው ጥሎኛል። ቤት መቀመጥ አልችልም፤ ከተቀመጥኩ ከእናቴ ጋር እጣላለሁ። ከከተማው ጫፍ በድንኳን የአጥንት ሕክምና ጣቢያ ሲከፈት ሄጄ ተቀጠርኩ። ዛሬ ቦታው ባዶ ሜዳ ነው፣ ፍየል ይውልበታል። ሥራዬ ካርድ ማውጣትና ማስተርጎም ነበር። ከገጠር የሚመጣው ሰው አብዛኛው የሚቀናው የአገሩ ቋንቋ ኽምጣና ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ ሱዳናዊ ነው። እኔ መሐል ቆሜ ከኽምጣና ወደ አማርኛ አቀብላለሁ። አማርኛው ሲያልቅበት በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ እሞላለታለሁ።

ዶክተር ሙርተዳ ይባላል። አባቴ ሊሆን የሚችል ሽማግሌ ነው፤ አንቱ ልለው ስል ግን «እኔን አንተ በሉኝ» ብሎ ከለከለኝ። ካርቱም ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ የተሰበረ ሲጠግን ኖሯል። ጦርነቱ ሆስፒታሉን ሲያወድምበት ሚስቱና ሴቶች ልጆቹ ወደ ግብፅ ሄዱ፣ እሱ በመተማ በኩል ወደኛ ገባ። ለምን እንደተለያዩ አንዴ ጠይቄው ጀሶውን ማቡካት ቀጠለ፤ ሁለተኛ አልጠየቅኩትም። ይዞት የመጣው ንብረት በፎጣ የተጠቀለለ የቀዶ ጥገና መሣሪያው ብቻ ነበር። ጎንደር ጥቂት ወራት ሠራ። ሰቆጣ የሚሄድ የአጥንት ሐኪም ሲጠፋ እጁን ያወጣው እሱ ነው አሉ።

አማርኛ ያስተማሩት የጎንደር ነርሶች ናቸው። ተኙ፣ ተነሱ፣ ተንፍሱ፣ ክፈቱ፣ ዝጉ። የሚያውቀው ቃል ሁሉ ትእዛዝ ነው፣ ሁሉም በአንቱታ። ለሦስት ዓመት ሕፃን ጀሶ ሲያስር ጎንበስ ብሎ «እባክዎ አያልቅሱ» ሲል ድንኳኑ በሳቅ ይፈርሳል። እሱም ለምን እንደምንስቅ ሳይገባው አብሮን ይስቃል።

ቄስ ሞላ ልጃቸውን ዲያቆን ፍስሐን በቃሬዛ አሸክመው የመጡት መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። መንገዱ ገና አረንጓዴ ነበር፣ የተሸካሚዎቹ እግር እስከ ጉልበት ረጥቧል። ፍስሐ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ሲጠግን ወድቆ ቅልጥሙ ተሰብሯል። ወጌሻው ቀርከሃ ሰንጥቆ ጥብቅ አድርጎ አስሮታል። የእኛ አገር ስህተት ይቺ ናት። ሲጮህ «እየገጠመለት ነው» እንላለን፣ ዝም ሲል «ተሻለው» እንላለን። ዝም ያለው እግሩ ስለሞተ ነው። በዘጠነኛው ቀን እኛ ጋ ሲደርስ ጣቶቹ ከሰል መስለዋል። ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ እግሩን አሸተተና ዓይኑን ጨፈነ።

ወዲያው ግን አልቆረጠም። ሰው ይሄን አያውቅለትም። ሁለት ቀን እያጠበ፣ እየከፈተ፣ የሞተውን ሥጋ እያነሳ ሞከረ። ቄስ ሞላ የፈቃዱ ወረቀት ላይ የፈረሙትም ለማጠብ ነው ብዬ አንብቤላቸው ነው፤ እውነትም ለማጠብ ነበር። የዚያን ቀን ከነጩ የዋግ ማር በቅል ሰጡት። እዚያው ቆሞ በዳቦ በላ። «ዝናሽ፣ ይቅመሱ» አለኝ፣ አፉ ማር እንደሞላ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ትኩሳቱ ፍስሐን አሳተው። ዶክተሩ ጠራኝ። ከጉልበት በታች፣ ዛሬውኑ፤ ካልሆነ ልጁ ይሞታል አለ። ለቄስ ሞላ በኽምጣና ነገርኳቸው።

«መቅደስ በምኑ ይገባል?» አሉኝ። «አካሉ የጎደለ ዲያቆን መቅደስ ገብቶ አያገለግልም። ቅስናውን ስጠብቅለት የኖርኩ ሰው ነኝ። ሌላ መላ የለውም ወይ በይው።»

ጠየቅኩት። የለም አለ። ነገርኳቸው። ደግመሽ ጠይቂው አሉ። ደግሜ ጠየቅኩት። እንዲህ እስከ ቀትር። በዚያው ሳምንት አንድ ሰው «አይቆረጥም» ብሎ ሚስቱን አሸክሞ ወጥቶ፣ ጽጽቃ ሳይደርሱ ሞታበታለች። ቄስ ሞላም ቃሬዛውን በዓይናቸው ሲፈልጉ አየሁ።

በመጨረሻ በእጃቸው ገፋ አደረጉኝ። «አንቺ ተይው። እኔ ራሴ በአማርኛ አናግረዋለሁ።»

ዶክተሩ ፊት ቆሙ። መስቀላቸውን ጨብጠዋል። «ቁርጡን…» አሉ። «ቁርጡን…»

ቁርጡን ንገሩኝ ማለታቸው ነው። በእኔ በኩል ሳይሆን ከአፍዎ እውነቱን ልስማ፣ ልጄ ይተርፋል ወይስ አይተርፍም ማለታቸው ነው። ግን ሳግ ያዛቸው፣ «ንገሩኝ» ጉሮሯቸው ውስጥ ቀረ። በዚያ ላይ አፋቸውን የፈቱት በኽምጣና ነው፤ ቃሉ ተጣሞ፣ ጫፉ ተውጦ ወጣ። ትእዛዝ ብቻ የሚያውቅ ጆሮ የሰማው «ቁረጡ» ነው። ዶክተሩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳቸው። እሳቸው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ከድንኳኑ ሲወጡ ወደኔ ዞረ።

«ቁረጡ አሉ? እሺ አሉ?»

«እሺ ብለዋል» አልኩት።

ለምን እንዳልኩ ብዙ ጊዜ ለራሴ አሳምሬ ተናግሬያለሁ። ሽታው፣ መንገድ ላይ የሞተችው ሴትዮ፣ የልጁ ትንፋሽ። ሁሉም እውነት ነው። ግን ሰልችቶኝም ነበር። ያንኑ ቃል ከጠዋት ጀምሮ ወዲያና ወዲህ ሳመላልስ ምላሴ ደርቆ፣ ባለቀና በተገላገልኩ ብያለሁ። ይሄኛውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ፍስሐ ተረፈ። እንደገና የሚታጠብ መስሏቸው ውጭ ሲጠብቁ የቆዩት ቄስ ሞላ የገቡት ልጁ ሲነቃ ነው። ብርድ ልብሱ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ነበር።

«ማን አዘዘህ?» አሉ ዶክተሩን።

«እርስዎ። ቁረጡ አሉ።»

«ቁርጡን ነው ያልኩት! ቁርጡን!»

ጥግ ላይ የተኛ አንድ ሰው ፈነዳና ሳቀ። ሳቁን ለመያዝ አፉን በጋቢው ጠቀጠቀ፣ አልቻለም። ፍስሐ አባቱን አያቸው። «አባ፣ እርስዎ ነዎት ያዘዙት?» አለ። መልስም አልጠበቀ፤ ፊቱን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረ። ዶክተሩ እኔን አንድ ጊዜ ብቻ አየኝ። እንድናገር ጠበቀኝ። እኔ ካርድ ላመጣ ብዬ ወጣሁ።

በሚቀጥለው ገበያ ስሙ «ዶክተር ቁረጡ» ሆነ። ከአምደወርቅ የሚመጣ ሰው ሳይቀር ሰምቶት ነበር። እጁ የወለቀም፣ ዳሌው የተሰበረም ወደ ወጌሻው ተመለሰ። ዶክተሩ ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጦ መሣሪያውን እያወጣ ይወለውልና መልሶ በፎጣው ይጠቀልላል። አንድ ቀን «የገጠምኩት እግር እየሄደ ይረሳኛል» አለ በእንግሊዝኛ፣ ለእኔ ይሁን ለራሱ እንጃ።

ከጤና ቢሮ ሦስት ሰዎች ነገሩን ሊያጣሩ መጡ። «አማርኛዬ መጥፎ ነው፣ ጥፋቱ የጆሮዬ ነው» አላቸው። እኔን ሳይጠቅስ። እኔንም ጠየቁኝ።

«በደንብ አልሰማሁም» አልኩ።

ጣቢያው ተዘጋ፣ እሱንም ውልህ አይታደስም አሉት። የሄደ ቀን ፎጣውን በብብቱ ይዞ ከመኪናው ጎን ቆመና «ዝናሽ፣ ተማሩ። እንደገና ተፈተኑ» አለኝ። ጎንደር እንደተመለሰ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ የት እንደገባ የሚነግረኝ አላገኘሁም። እኔም አልተማርኩም። ወልድያ ምግብ ቤት ሥራ ተገኝቶልኝ ነው የምሄደው።

ቄስ ሞላ አሁንም ፊቴ ቆመዋል።

«ፍስሐ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ዛፍ ሥር ሕፃናት ፊደል ያስቆጥራል» አሉኝ። «ቀድሼ ስወጣ ፊቱን ያዞርብኛል። ይኸው ሦስት ዓመቱ። አላልኩም ብዬ ምዬለታለሁ። አሁን ግን እኔም ራሴን ጠረጠርኩ። አማርኛ የእናቴ አፍ አይደለም። ሳላውቀው ብዬው ይሆን እላለሁ። ሱዳኑንም በየጸሎቴ ስረግመው ነው የኖርኩ። ቁርጡን ንገሪኝ።»

ሹፌሩ «ወልድያ! አንድ ሰው! ሞላ!» ይላል።

«አላሉም አባ» አልኳቸው። «ቁርጡን ነው ያሉት፣ ጆሮዬም ሰምቷል። ሲጠይቀኝ እሺ ብለዋል ያልኩት እኔ ነኝ።»

ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ። መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«በኔ አፍ አያምንም» አሉ። «ጻፊልኝ።»

ከሻንጣዬ የድሮ ደብተር አውጥቼ ጉልበቴ ላይ ጻፍኩ። «ዲያቆን ፍስሐ፣ አባትህ ቁርጡን ንገሩኝ ሊሉ ነበር። ቁረጡ አላሉም። ለዶክተሩ እሺ ብለዋል ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ።» ቀድጄ ሰጠኋቸው። ዳዊት እንደሚደግም ሰው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡትና መለሱልኝ።

«ስምሽን።»

ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። አጥፈው ጥምጥማቸው ውስጥ ሰኩት።

«ለሱዳኑስ?» አሉ። «ለሱ ማን ይጽፍለታል?»

ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ሻንጣዬን አንስቼ ገባሁና በሩን ሳብኩት።