አፍ የሌለው ትል

የያዙኝ ከስፌት መኪናዬ ላይ ነው። የትምህርት ቤት ዘበኛ ሱሪ እያሳጠርኩ ነበር፤ ቀለሙ ካኪ መሆኑ ነው ጣጣዬ፤ ለታጣቂ የምሰፋ መሰላቸው።

«ለማን ነው ይህን የምትሰፊው?»

«ለዘበኛ።»

«የማን ዘበኛ?»

ሱሪውን እነሱ ያዙት፣ እኔንም ያዙኝ። አንደኛው እግሩ ሳይሰፋ ቀረ።

በዚያ ሰሞን መካነ ሰላም ውስጥ እስር ቤቱ ሞልቶ ነበርና ሴቶቹን ያጎሩን ቀድሞ ማዳበሪያ ይከማችበት በነበረ መጋዘን ነው። በሩ ሲከፈት ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ሲሚንቶው ላይ የቀረው ነጭ ዱቄት ውሃ ሲነካው ያሟልጫል። መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው ሥር ብሎኬት የወለቀበት ቀዳዳ ብቻ አለ። እኔን ግን ያስጨነቀኝ ሽታው አልነበረም። ልጄ ዓረብ አገር ልትሄድ ቪዛዋ ወጥቶላት ሐሙስ ትሳፈር ነበር። ሳላቅፋት ልትሄድ ነው፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

አጠገቤ የሚተኙት አንዲት የከላላ አሮጊትና አንዲት የወግዲ ሴት ናቸው። አሮጊቷ እኔን እያዩ «አብሽሪ ልጄ፣ ጀሊሉ ያውቃል» ይሉኛል፤ ቀጥለው ራሳቸው ያለቅሳሉ።

ማክሰኞ ዕለት አንዲት ወጣት አስገቡ። ልብሷ ንጹሕ ነው፣ አታለቅስም። የመጋዘኑ ዘበኛ ደግሞ ምንጣፍ አቀበላት። ለእኛ ለማናችንም ምንጣፍ አቀብሎ አያውቅም።

«በምን ያዙሽ?» አለቻት የወግዲዋ።

«ዓባይ ወርጄ ዓሣ ስሰበስብ። የዓሣ በሽታ ነው የማጠናው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ።»

«ዓሣ ደግሞ ይታመማል?» አሉ አሮጊቷ። «ታዲያ እንዲህ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ እየዋለ አንድ ቀን እንኳ ሲያስነጥሰው ያየ ሰው አለ?»

ሳቅን። ስቀን ስናበቃ ግን ማንም አልቀረባት። እኔም በልቤ ጆሮ ጠቢ ናት አልኩ። ለጆሮ ጠቢ የዓሣ በሽታ የሚል ምክንያት የሚያስብላት ሰው ምን ዓይነት ሰው ይሆን ብዬ አልጠየቅሁም። እዚያ ቤት ውስጥ ሰው እንዲህ አያስብም።

በማግሥቱ የወግዲዋ ወንድም ዓባይ ወርዶ ከአስጋሪዎች የገዛውን ዓሣ ይዞላት መጣ። ከቤት ሥጋ ሲመጣልን እንደ አገራችን ደንብ የእስላሙ ወዲህ፣ የክርስቲያኑ ወዲያ ነበር የሚቀመጠው። ዓሣ ግን አይታረድ፣ ቢስሚላህ የለው፣ በስመ አብ የለው። ስለዚህ ሁላችንም አንዱን ሰሃን ከበብነው። ደገኛ ደግሞ ዓሣ አያውቅም፤ ወንድምየው ሆዱን ሳይከፍት እንደ በቆሎ እሸት እሳት ላይ ጥሎ አክስሎት ነው የመጣ።

ልጅቷ ብቻ እጇን ሰበሰበች። «አትብሉት» አለች።

የሁላችንም እጅ ባለበት ቀረ።

«ምነው? ምን ያወቅሽው ነገር አለ?» አለች የወግዲዋ። «ወንድሜ ነው ያመጣው!»

አሮጊቷ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ፤ «በር ላይ ሲፈትሹት አንድ ነገር ጨምረውበት ይሆናል። ለእሷ ነግረዋት።»

ልጅቷ የዓሣውን ሆድ በጥፍሯ ቀደደችው። ላዩ ከሰል ሆኖ ውስጡ ጥሬ ነው። አንጀቱን ዘርግታ ሰነጠቀችው። የክር ቁራጭ የሚያህሉ፣ ወደ ቢጫ የሚያደሉ ትሎች ተሰክተውበታል። አንዱን ሳበችው፤ አልለቅ አለ። ጠበቅ አድርጋ ስትስበው የአንጀቱን ቅዳጅ ይዞ መጣ።

«ያ ረቢ! እኔ እኮ ልጎርሰው ነበር!» አሉ አሮጊቷ።

«ጭንቅላቱ እሾህ ነው» አለች ልጅቷ። «በዓይናችን አይታይም እንጂ መንጠቆ በመንጠቆ ነው፤ ጫፉ ወደ ኋላ የዞረ። ሲስቡት የባሰ ይይዛል።»

«ልብስ ላይ እንደሚሰካ ጭጎጎት» አልኩ ሳላስበው።

«ልክ እንደሱ። ሲፈልግ ደግሞ እሾሃሙን አፍንጫ ወደ ውስጡ ይገለብጠዋል።»

«እጅጌ እንደመገልበጥ?»

«እንደሱ፣ እትዬ። ማስገቢያ ከረጢት አለው። አንገቱ ሥር ደግሞ ሁለት ቀጫጭን ከረጢቶች ይንጠለጠላሉ። ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች፤ ዕንቁላሏ ማኅደር ሳይኖረው ሆዷ ውስጥ እንዲሁ ይዋኛል።»

«አፉስ የታል?» አሉ አሮጊቷ።

«አፍ የለውም እማማ። ጨጓራም አንጀትም የለውም። ዓሣው የበላውን በቆዳው ነው የሚመጠው።»

«አፍ ሳይኖረው የሚበላ አንድ ሰው እኔም አውቃለሁ» አለች የወግዲዋ። «ቀበሌ ነው የሚውለው።»

ያን ቀን መጋዘኑ በሳቅ ሞላ። ልጅቷ አንጀቱን ጥላ፣ ዓሣውን አጥባ፣ ዘበኛውን ለምና እንደገና አስጠበሰችው። በደንብ ከበሰለ አይጎዳም ብላ ቀድማን ጎረሰች።

ሐሙስ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ።

«ያቺ ልጅ ምን እያስተማረቻችሁ ነው?»

«ስለ ዓሣ ትል፣ ጌታዬ።»

«ሰርጎ ገብቶ ስለሚነክስ፣ ሲስቡት ስለማይለቅ። ደርሶናል። ዓሣው ማን ነው?»

«ዓሣው ዓሣ ነው።»

«ትሉስ? አፍ ሳይኖረው የሚበላው?»

ክው አልኩ። ከመካከላችን አንዷ ሁሉንም ነግራዋለች። አሮጊቷ? የወግዲዋ? ወይስ ልጅቷ ራሷ፣ እኔን ልትፈትነኝ?

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጅሽ ዛሬ አይደል የምትሄደው? ስለ መንግሥት ነው ያወራችልን በይና ደርሰሽ ሸኛት።»

ስለ ልጅቷ የማውቀው አልነበረኝም፤ አላምናትም ነበር። ያለችውን ግን ሰምቻለሁ። ስለዚህ ነገርኩት፤ መንጠቆው ጫፉ ወደ ኋላ መዞሩን፣ አፍንጫው እንደ እጅጌ መገልበጡን፣ ሁለቱን የአንገት ከረጢቶች፣ የሚዋኘውን ዕንቁላል። የወግዲዋን ቀልድ ዋጥኩት። ጠረጴዛውን በጥፊ መታው። «አሾፍሽብኝ?»

«አላሾፍኩም። ከዚህ ሌላ አላለችም፣ ጌታዬ።»

ወደ መጋዘኑ መለሱኝ። የሁሉንም ፊት ተራ በተራ አየሁ። ሁሉም ያው የወትሮው ፊት ነበር፤ የነገረችውን አያሳብቅም።

«ስለ እኔ ጠየቁዎት?» አለች ልጅቷ።

«አዎ።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«ያልሽውን።»

ከቀትር በፊት ከበሩ በኩል የልጄን ድምፅ ሰማሁ፤ ዘበኛውን ትለምናለች። ልጅቷ ተነሥታ ከቀዳዳው ሥር ተንበረከከች። «ትከሻዬ ላይ ይቁሙ» አለችኝ። ያኔ እንኳ፣ ይህንንስ ለምን ታደርጋለች አልኩ በልቤ። ጫማዬን አወለቅሁና ወጣሁ። ሻሼን ፈትቼ እንደገና አስተካክዬ አሰርኩት፤ ልጄ ቀና ብላ ብታይ የተጎሳቆለች እናት እንዳታይ። ጥቁር አባያ ለብሳ ሻንጣዋን ይዛ ቆማለች። ዘበኛው አይሆንም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ወደ መጋዘኑ ተመለከተች፤ ትየኝ አትየኝ አላውቅም። ድምፅ አላሰማሁም፤ እየጮኽኩ እንድትሄድ አልፈለግሁም።

ልጅቷን በሚቀጥለው ሳምንት ወሰዷት። ይፍቷት ወደ ሌላ እስር ቤት ያዛውሯት አልሰማሁም። እኔ የወጣሁት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው።

ልጄ አሁን በየሳምንቱ ትደውላለች። አንድ ቀን የመርማሪውን ነገር ስነግራት «እማ» አለችኝ፣ «አዎ ብትያቸው እኮ አቅፈሽኝ እሄድ ነበር። ለማታውቂያት ሴት ብለሽ!» ቅሬታዋ እውነት ነው፤ አልተቆጣኋትም። ማን እንደነበረች እስካሁን አላውቅም አልኳት። ነገ አንድ ሰው መጥቶ ጆሮ ጠቢ ነበረች ቢለኝ አልደነግጥም። ቢሆንም ያላለችውን አለች አልልም ነበር።

ስልኩ ውስጥ ከኋላዋ የአሠሪዎቿ ልጅ ሲጮህ ይሰማል።

«እሺ እማ» አለች፣ «አሁንስ ምሳ በላሽ?»