ብርጭቆው ከከንፈሯ ሳይደርስ

ማሳጅ ቤት የምትሠራው፣ ደንበኞቿ «እጀ ሙቅ» የሚሏት ሴት፣ ማርገዟን ካወቀች ወዲህ እግሯ መሬት አይነካም። ስንት ዓመት የጠበቀችው ነው። ሆድሽ እስኪታይ ዝም በይ ብትባልም አፏ አልያዘላትም፤ ከጥበቃው እስከ ፎጣ አጣቢዋ ያልሰማ የለም።

ማቅለሽለሹ ግን አላስቀምጣት አለ። ያን ቀን ጠዋትም ደንበኛዋን አስተኝታ ጎንበስ ከማለቷ ሮጣ ወጥታ አስታውካ ተመለሰች።

ከመጋረጃው ማዶ ፀጉር ሠሪዋ ሳቀች። «አንቺ፣ ዛሬም ጀመረሽ? ያንን ለማሳጅ የምትቀምሚውን የናና ዘይት ውሃ ላይ ጠብ አድርጊና ጠጪው። ቅጠል አይደል እንዴ፣ ምን ያደርግሻል?»

እውነቷን መሰላት። እንጀራዋ ዘይት ነው፤ ክፉ አይታበት አታውቅም። ጠብ አደረገችና ብርጭቆውን አነሳች።

«አስቀምጪው፣ እህቴ።»

አልጋው ላይ በሆዷ የተኛችው ደንበኛ ናት፤ ሥራዋ አዋላጅ ነርስ ነው። ፎጣዋን ይዛ ቀና አለች።

«ቅጠሉ ሌላ፣ ዘይቱ ሌላ። እዚያች ጠብታ ውስጥ ስንት ቅጠል እንደተጨመቀ ታውቂያለሽ? እርጉዝ ቀርቶ ሌላም ሰው ዝም ብሎ አይጠጣውም።»

«ጠጥቼው ቢሆንስ?»

«አልጠጣሽውማ። ይልቅ ንገሪኝ፣ ሌላስ ምን ታደርጊያለሽ?»

አፈረች። ለየደንበኛው የምትቀምመውን ዘይት፣ በሌላ ዘይት ገና ሳይቀጥን፣ በገዛ እጇ አንጓ ላይ ጠብ አድርጋ ነው የምትፈትነው። «እኔ ለራሴ አልቀባም» እያለች ስትኩራራ፣ ክንዷ ለካ ቀኑን ሙሉ ሲጠጣ ይውላል። እያንገራገረች ነገረቻት።

አዋላጇ አልተቆጣችም። «በይ ከዛሬ ጀምሮ ያልቀጠነ ዘይት ቆዳሽን አይንካው። ጓንት አድርጊ፣ መስኮት ክፈቺ። የሮዝሜሪና የሴጅ ቅጠል ዘይት የመሳሰሉትን ጭራሽ ተያቸው፤ ሌላውንም ሐኪም ሳትጠይቂ እንዳትነኪ። ነገ ክሊኒክ ነይ፣ ልይሽ።»

«ምነው አፌን በቆረጠው» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ።

በማግስቱ ክሊኒክ ሄዳ አልጋው ላይ ተኛች። አዋላጇ ሆዷ ላይ ቀዝቃዛ ጄል ቀብታ የፅንስ ልብ ምት የምታሰማውን ትንሽ መሣሪያ አንሸራተተች። ዝም። አሁንም ዝም። ድንገት ቱክ ቱክ ቱክ የሚል ጥድፊያ ክፍሉን ሞላው።

«ይኸው ልቡ። ደህና ነው።»

እጀ ሙቅ መንገድ ላይ ወዳለው ሹፌር ባሏ ደወለች፤ ስልኩን መሣሪያው ላይ ደቀነችው።

«ምንድን ነው እሱ፣ ሞተር ነው?»

«ልጅህ ነው።»

«ከአሁኑ እንዲህ ከበረረ ማን ሊያስቆመው ነው?» ድምፁ ተሰባበረ።

«አንተ መጀመሪያ መኪናህን ዳር አስይዝ» አለችው።