የበሽር ልጅ እየሩስ

እየሩስ በሽር ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ሠራተኛ ናት። ዕድሜዋ ሠላሳ አንድ ነው። የምትኖረው ደሴ፣ ሆጤ፣ ከአባቷ ከአቶ በሽር ጋር ነው፤ በሚኒባስ ትመላለሳለች።

በሕይወት የሌሉት እናቷ አባይነሽ ክርስቲያን ነበሩ፤ አባቷ ሙስሊም ናቸው። ሲጋቡ ለወንድ ልጅ አባት፣ ለሴት ልጅ እናት ስም እንዲያወጡ ተስማሙ። ወንዱ ሀይደር፣ ሴቷ እየሩስ ተባሉ። ሰፈር ውስጥ ይህን እንደ ጉዳይ ቆጥሮ ያነሳ ሰው አልነበረም። ያነሳው አውሮፓ ያለ አንድ መርማሪ ነው።

ሀይደር ባጃጅ ነጂ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ቁስለኛ ስለጫነ፣ ከተማዋን የያዘው ወገን በተለወጠ ቁጥር «ለጠላት ሠርተሃል» ተብሎ ታሰረ። ከሁለተኛው እስር ሲፈታ ሦስት ጥርስ ጎድሎት ነበር። አገር ለቆ ወጣ። አውሮፓ ገብቶ ጥገኝነት ሲጠይቅ እየሩስ ስለ እስሩ የመሰከረችበትን ደብዳቤና የቤተሰቡን የቀበሌ መዝገብ ቅጂ ላከችለት። መርማሪው ጥያቄውን ውድቅ አደረገው። ሀይደር ምክንያቱን በስልክ አነበበላት።

«የሙስሊም ልጅ እየሩስ ልትባል አትችልም፤ ስለዚህ ደብዳቤውን አላመንኩትም ይላል።»

«የለችም ነው የሚለው?»

«አለች፤ ግን እህትህ አይደለችም ነው የሚለው።»

«ታዲያ ልጅ ሆነን በድንጋይ የፈነከትከኝ የማን እህት መስዬህ ነው?»

የሀይደር ጠበቃ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰደው። ሀይደር እንዳስረዳት፣ ፍርድ ቤቱ ታሪኩን እንደ አዲስ አይሰማም፤ ጥገኝነትም አይሰጥም። የሚያየው መርማሪው እጁ ላይ የነበረውን ማስረጃ በአግባቡ መመዘኑን ብቻ ነው። ከተሸነፈ ሀይደር ወደ አገሩ ይመለሳል።

አቶ በሽር ፈሩ። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፈውን ሙንዚርን ቤት ይዘው መጡ። ሙንዚር መላ ነበረው፦ «ሱዓድ በሽር» የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት አዲስ ወረቀት።

«ፈረንጅ የሚገባውን መስጠት ነው» አላት። «ለወንድምሽ ስትይ ሱዓድ ብትባይ ምን ይጎድልብሻል?»

«አንተ ለወንድምህ ስትል ገብረ ሚካኤል ትባላለህ?»

«አስተግፊሩላህ!» አለ ሙንዚር እየሳቀ።

አቶ በሽር አልሳቁም። «ልጄ፣ ወላሂ ስሙ ቢቀር ይሻለኛል። ልጁ ይትረፍልኝ።»

«አባዬ፣ እስካሁን ያልነው ሁሉ እውነት ነው። ዛሬ ሱዓድ ነኝ ካልኩ መርማሪው ልክ ነበር ማለት ነው። ውሸታም ያለኝን ሰው እኔው ራሴ እውነተኛ ላድርገው? ደግሞም ስሙን ያወጣችልኝ እናቴ ናት። እርስዎ ሊሰርዙት አይችሉም።»

አቶ በሽር ተነሡና ሙንዚርን እስከ በር ሸኙት። ወረቀቱ አልተጻፈም።

የፍርድ ቤቱ ውሳኔ በስድስተኛው ወር ወጣ። ዳኛዋ የጻፈችው ሁለት ገጽ ነው። መርማሪው የቀበሌውን መዝገብ በአንድ ቃል እንኳ አላነሳውም፤ ወሎ ውስጥ ስም እንዴት እንደሚወጣም ማንንም አልጠየቀም፤ የገዛ ግምቱን እንደ ማስረጃ ቆጥሮታል አለች። የመርማሪውን ውሳኔ ሽራ ጥያቄው በሌላ መርማሪ እንደ አዲስ እንዲታይ አዘዘች።

«አሸነፍን፤ ግን ገና ነው» አለ ሀይደር ሲደውል። «አዲሱ መርማሪ በቪዲዮ ሊጠይቅሽ ይፈልጋል። ማክሰኞ።»

ማክሰኞ ሥራ ላይ ናት። ወደ ፈረቃ ኃላፊዋ ወደ ፈንታሁን ሄዳ የፈቃድ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«የወንድምሽ ነገር አላለቀም እንዴ?» አላት።

«አላለቀም።»

«ይኼኛውስ ባያምንሽ?»

«ሦስተኛ ያምጡ። አራተኛም ያምጡ። እኔ የትም አልሄድም። ፈርምልኝ፣ ማሽኑ ቆሟል።»

ፈንታሁን ፈረመ።