ትለምጂዋለሽ የተባልኩት አቧራ

ሲጀምረኝ ደረቅ ሳል ነበር። ነቀምቴ ውስጥ ከመንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ልብስ እሰፋለሁ። መንገዱ ሊሠራ ነው ተብሎ ተቆፈረ፤ እንደተቆፈረም ቀረ። ባጃጅና ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር ቀዩ አቧራ እየገባ ነጩንም ጥቁሩንም ጨርቅ አንድ ዓይነት ያደርገዋል። ደረቴ ሲያፏጭ ለጎረቤቶቼ ብነግራቸው «በጋ ነው፣ ትለምጂዋለሽ» አሉኝ። የመድኃኒት ቤቱ ሰው ደግሞ ብርድ ነው ብሎ አንቲባዮቲክ ሰጠኝ። ጨረስኩት፤ ሳሉ ባሰ። ሌላ ሰጠኝ። እሱንም ጨረስኩ።

ከጎኔ ኦቦ ቶሎሳ ፍራፍሬ ይሸጣሉ። ቆሻሻቸውን ከነላስቲኩ ቦዩ ውስጥ ጨምረው ያቃጥሉታል። አንድ ጠዋት ጭሱ በቀጥታ ወደ እኔ በር ነፈሰ። መቀሱ ከእጄ ወደቀ። አየሩ ይገባል፣ አይወጣም። መናገር አቃተኝ። ከንፈሬ ጠቁሮ ነበር አሉ። ሮጠው የደረሱልኝ እሳቱን የለኮሱት ኦቦ ቶሎሳ ራሳቸው ናቸው። ተሸክመው ባጃጅ ውስጥ አስገቡኝ።

ሆስፒታል እንደደረስኩ ኦክስጅን ሰጡኝ። ኔቡላይዘር በሚባለው መሣሪያም መድኃኒቱን እንደ ጉም አድርገው አስተነፈሱኝ። ትንፋሼ መለስ ሲል ሐኪሙ መጣ።

«አስም ነው እንጂ ብርድ አይደለም» አለኝ። «ከአቧራና ከጭስ ይራቁ።»

«የት ልሂድ ዶክተር? ቤቴም ሥራዬም መንገዱ ላይ ነው።»

መስኮቱን አየ። የሆስፒታሉም መስታወት አቧራ ለብሷል። «እውነትዎን ነው» አለ። «እንግዲያው መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ።»

ሁለት የሚሳቡ መድኃኒቶች ታዘዙልኝ። ሳልቡታሞል ሲያፍነኝ የምወስደው ነው። ቤክሎሜታዞን ግን ደህና ስሆንም በየቀኑ ይወሰዳል። አንዲት ነርስ ሳትሰለች አሳሳቡን ደጋግማ ባታሳየኝ ኖሮ መድኃኒቱን ሁሉ ምላሴ ላይ አስቀረው ነበር።

ከዚያ በኋላ የስፌት መኪናዬን ከበሩ አንስቼ ወደ ጓዳ አስገባሁት፤ በሩ ላይ እርጥብ አንሶላ ሰቀልኩ፤ ደጄን ጠዋትና ከሰዓት ውኃ እረጫለሁ፣ ውኃ በመጣ ቀን ማለቴ ነው። ደንበኞቼ የዘጋሁ መስሏቸው እያለፉኝ ይሄዳሉ። መንገዱን የሚያረጥበው ቦቴ የሚታየው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው፤ እኛ እንግዳ ስላልሆንን ነው መሰለኝ። አርጆ ያለችው እህቴ ወደዚህ ነይ ብትለኝ፣ እዚያም ለመንገድ እየተቆፈረ መሆኑን ራሷ ነገረችኝ።

ትንሽ እንዳገገምኩ ጭሱ ተመልሶ መጣ። ተናድጄ ሄድኩ።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ ተሸክመው የወሰዱኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ማል ጎና፣ አዴ ዘነበች? ምን እናድርግ? የቆሻሻ መኪናው ከመጣ ስንት ጊዜው ነው። ብተወው ይሸታል፣ ዝንቡ ፍራፍሬዬ ላይ ይሰፍራል። አንቺው ንገሪኝ፣ የት ልውሰደው?»

እውነታቸውን ነው። ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው። እዚያው ቆመን ስንጨቃጨቅ ባለ ሻይ ቤቷ አዴ ጫልቱ መጣች። የእሷም ልጅ እንደ እኔ ደረቱ ያፏጫል። በመጨረሻ ተስማማን፤ ልጣጩና ቅጠሉ በአዴ ጫልቱ ጓሮ ይቀበራል፣ ላስቲኩ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠራቅሞ በጋሪ ከከተማ ይወጣል። ኦቦ ቶሎሳ አንዳንዴ ይረሳሉ። ጭሱን ሳይ እጮህባቸዋለሁ፤ ያጠፉታል።

አሁን ከሞላ ጎደል ደህና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ግን አርፋለሁ። ያቺን ነርስ እግዚአብሔር ይባርካት። ኦቦ ቶሎሳንም አመሰግናለሁ፣ እየተናደድኩም ቢሆን። እንደ እኔ ደረታችሁ የሚያፏጭ፣ ሳይመረምራችሁ ብርድ ነው የሚላችሁን አትመኑ። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታችሁ ነገ አትበሉ፤ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ። ጭስ የሚያጨስ ጎረቤት ካለም ተቆጥታችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ቆሻሻው የት እንደሚሄድ አብራችሁ ፈልጉ። የእኛ ሥራ መሆን አልነበረበትም። ግን የሚመለከተው እስኪመጣ መተንፈስ አለብን።