ከሁለተኛው ምት በኋላ

የልጄ ልጅ ናሆም ባለፈው እሁድ ጎንደር አጠገብ ፀዳ ካለው ቤቴ መጥቶ የሟች ወንድሜን አሮጌ የቴፕ ክር ወደ ኮምፒውተሩ ሲገለብጥ ዋለ። እሱም ሙዚቃ የሚሠራው በዚያው ነው፤ ጆሮውን ደፍኖ ጣቱን ያንቀሳቅሳል፣ ዘፋኝ የለ፣ መሰንቆ የለ። ድንገት ሳቅ አለና፣ «እማማ፣ አያ ጌጡ እዚህ ላይ ተሳስቷል። ከሁለተኛው ምት በኋላ ትንሽ ክፍተት አለች፤ ልዝጋት?» አለኝ።

«እጅህን ሰብስብ!» ብዬ ጮኽሁበት። ልጁ ደነገጠ። እኔም በራሴ ጩኸት ደነገጥሁ፤ ሰማንያን ተሻግሬ ያቺን ክፍተት እስከ ዛሬ ለማንም አላወራኋትም ለካ።

ጌጡ በሰባት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። አባታችን መሪጌታ ናቸው፤ ዳባት አጠገብ ባለች ደብር አቋቋም ያስተምሩ ነበር፤ ያው በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ የሚዜመውን ማለቴ ነው። ጌጡ እግራቸው ሥር አድጎ፣ ወንበራቸውን ይወርሳል ሲባል፣ አንድ ቀን ብድግ ብሎ ጎንደር ወረደና ሬዲዮ ጠጋኝ ሆነ። ከዚያ ወዲያ አባባ ስሙ በፊታቸው እንዳይነሳ ከለከሉ።

ፒያሳ ያለችው ሱቁ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባት ነበረች። እኔ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ስልክ ቤት እሠራለሁ፣ ከሥራ ስወጣ የምሄደው ወደሱ ነው። አገሩን ከሚለቅ አንድ ጣሊያን የገዛው የድምፅ መቅረጫ ነበረው። የቀሐን ወንዝ ውሃ ይቀርጻል። ሬዲዮው ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ሲዞር የሚያፏጨውን ይቀርጻል። ቆሎ ስቆረጥም እንኳ ማይክራፎኑን አፌ ሥር ይደቅነው ነበር። ከዚያ ክሩን በምላጭ እየቆረጠ ይቀጥለዋል፤ አንዳንዴም ጫፍና ጫፉን አጋጥሞ ቀለበት ያደርገዋል። ቀለበቱ ስለሚረዝም እኔ በወዲያኛው ግድግዳ በኩል ጠርሙስ ይዤ እቆማለሁ፣ ክሩ በጠርሙሱ ዙሪያ እንዲሽከረከር። ያው ድምፅ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመጣል። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ «አይ ይኼ ሰው፣ ለየለት!» ይል ነበር። እኔ ግን ክንዴ እየዛለ፣ እንደ ወንድሜ ያለ ሰው የትም አይገኝም እል ነበር። ዛሬም እላለሁ።

ጥቅምት ላይ ከአዲስ አበባ አንድ የሬዲዮ ሰው መጥቶ ሥራውን ሰማና አፉን ይዞ ቀረ። ሰኞ በአውቶቡስ ተነስ፣ ሥራ አለህ አለው። እኔ እልል ልል ስል ጌጡ አንገቱን ደፋ።

«ሳልመረቅ አልሄድም» አለ። «አባባ ሳይመርቁኝ ብወጣ እጄ አይሠራልኝም።»

ረቡዕ ፈቃድ ጠይቄ በጭነት ማኪና ወደ አባባ ወጣሁ። ኮሶዬ ላይ ሹፌሩ ለምሳ ሲያቆም የባቄላ እሸት ገዝቼ፣ በዚያ ብርድ እየፈለፈልሁ ምን ብዬ እንደምለምን ሳስብ ቆየሁ። ምን ዋጋ አለው? ገና ስሙን ስጠራ አባባ ተነስተው ወደ ተማሪዎቻቸው ሄዱ።

ቅዳሜ አንድ ብልሃት መጣልኝ። ዳባት ስልክ አለ፤ እዚያ ያለው ሠራተኛ ደግሞ የሥራ ባልደረባዬ ነው። «መሪጌታን በአስቸኳይ በስልክ ይፈልጓቸዋል ብለህ ሰው ላክባቸው» አልሁት። ያን ጊዜ ባላገር በስልክ የሚጠራው ለመርዶ ብቻ መሆኑን እንዴት ዘነጋሁት? ስልክ ለኔ ቀኑን ሙሉ «ሃሎ፣ እንደምን ዋላችሁ» ነዋ!

አለቃዬ ለምሳ ሲወጣ ጌጡ ማሽኑን ተሸክሞ መጣ። የዳባቱ መስመር ጠራ። መጀመሪያ የሰማሁት ዋይታ ነበር፤ የደብሩ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ አባባን ተከትሎ መጥቶ ኖሯል።

«ጌጡ ነው?» አሉ አባባ። ድምፃቸው የሳቸው አልመስል አለኝ። «ልጄ ነው የሞተ?»

«ኧረ አባባ! ማንም አልሞተ። ጌጡ ደኅና ነው!»

ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማኛል። ከዚያ ቁጣው መጣ፦ «አንቺ ባለጌ! ምነው ታዲያ እንዲህ ያሯሯጥሽኝ?»

«ይስሙት ብዬ ነው» አልሁና ሳይዘጉብኝ መናገሪያውን ማሽኑ አፍ ላይ ለጠፍሁት። ጌጡ ክሩን ለቀቀው። ውሃው መጣ፤ ቀጥሎ የሬዲዮው ፉጨት፤ ከሥር ደግሞ የእንጨት ምት። ጌጡ ተማሪ ሳለ አባባ በሰጡት መቋሚያ የሱቁን ወለል እየመታ የቀረጸው ነው። በማዳመጫዬ ብሰማ በዚያ በኩል ዋይታው ጸጥ ብሏል። ቆይቶ ቋ፣ ቋ የሚል ሰማሁ። አባባ የዳባትን ስልክ ቤት ወለል በመቋሚያቸው እየመቱ አብረው ይሄዱ ነበር።

ክሩ አለቀ።

«ያቺ መቋሚያ አለች እንዴ?» አሉ።

ጆሮውን ማዳመጫዬ ላይ አስጠግቶ ኖሮ፣ ጌጡ መናገሪያውን ነጠቀኝ። «አለች፣ አባባ።»

«ከሁለተኛው ምት በኋላ ትንፋሽ የለህም። ሰው አይተነፍስም? እንዲህ ነው ያስተማርሁህ?»

አበቃ፣ ተበላሸ ብዬ ፊቴን ሸፈንሁ። ዘወር ብል ጌጡ እንባው እየወረደ ይስቃል። እኔ አቋቋም አልተማርሁ፣ በምን ልወቅ? አባባ የሚያርሙት ተማሪዬ ነው ያሉትን ብቻ ነው። ተስፋ የቆረጡበትን ዝም ብለው ያሳልፉታል፤ ጌጡንም ቤት ሳለ የመጨረሻውን ዓመት አንዲት እርማት ሳይሰጡ ነበር ያሳለፉት።

«አርመዋለሁ፣ አባባ።»

«አርመህ ሂድ። እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ። የሠራኸውን ሰው ይስማልህ።»

በዚያው ቀን ሱቁ ገብቶ ክሩን ቆረጠው። መሃል የሚገባ ባዶ ድምፅ ያስፈልገው ነበርና «ትንሽ ዝም በይልኝ» ብሎ የክፍሉን ጸጥታ ቀረጸ፤ ጣት የማታህል ቁራጭ አድርጎም ቀጠላት። ሰኞ ሄደ። ዕድሜውን በሙሉ በዚያው ሥራ ኖረ። በሬዲዮ ድራማ ዝናቡንም ነጎድጓዱንም የሚያመጣው እሱ ነበር፤ ኋላም የራሱን ስቱዲዮ ከፍቶ የስንቱን ዘፋኝ ዘፈን አሳመረ። የራሱን ሥራ ግን የሚገዛው አልነበረም። እሱ እቴ፣ ምን ገዶት! መምህርህ ማን ነው ሲሉት የአባባን ስም ይጠራል።

ይህን ሁሉ ለናሆም ነገርሁት። እሱም ያቺን ክፍተት ብቻ ለይቶ ድምፅዋን እስከ መጨረሻ ከፍ አደረጋት። ሽሽሽ ይላል። በሽሽታው ውስጥ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ይተነፍሳል።

«ማን ናት ይቺ?» አለኝ።

ዝም በይልኝ ቢለኝ ዝም ብዬ ነበር እኮ። ትንፋሼን ግን አልያዝሁትም። ያ የጌጡ ጆሮ ይህን ሳይሰማ አይቀርም፤ ሰምቶ ነው የተወው። እኔ ሞኟ፣ ጠርሙስ ብቻ የያዝሁ መስሎኝ ስኖር!