ተራዋን የጠበቀችው እህት

ምነው ያን ስልክ ባልደወልኩ እላለሁ እስካሁን።

አሶሳ ውስጥ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን የሕሙማን ጥየቃ ቡድን አስተባብራለሁ። ዘንድሮ ክረምቱን ሙሉ ወገባችን እስኪቆረጥ ሮጥን፤ ጠዋት የቡድን ሥልጠና፣ ከሰዓት በየሰፈሩ ሕሙማን መጠየቅ። ከቤት ቤት የሚያደርሰን ጋሽ ገለታ የሚባል ባለባጃጅ ነው። እኛ ገብተን ስንጸልይ እሱ ሁልጊዜ ውጭ ይጠብቀናል። ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ጠፍቶብን ሲመለስ በቁጣ ነው የተቀበልነው።

ከዝርዝራችን የቀረችው ጎረቤቷ ያስመዘገበቻት እህት አስቴር ብቻ ነበረች። ሥልጠና እየተደራረበብን ሦስቴ ለሌላ ቀን አሻግረናታል። ቅዳሜ ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ቤቷ የት እንደሆነ ልጠይቃት ስደውል፣ ስልኩ ጋሽ ገለታ ኪስ ውስጥ ጮኸ።

«የአስቴር ስልክ ነው» አለኝ ሳይዞር። «ባለቤቴ ነበረች። የጠፋሁ ጊዜ ባምባሲ፣ ወላጆቿ ዘንድ ወስጄ ቀብሬያት ነው።»

«ምነው ጋሼ፣ መታመሟን ሳትነግረን?»

«እሷ ናት እምቢ ያለችው። ‹ከሰው አታስቀድመኝ፣ ተራዬ ሲደርስ ይመጣሉ› እያለች።»

ባጃጁን አንድ የቆርቆሮ አጥር ጋ አቆመ። «ቤቷ ይኸው» አለ። ሞተሩን አጠፋና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኛ ጋር ወርዶ፣ ቀድሞን ገባ።