ወንድሜን ከቤት የወሰደውን ሰው ዛሬ ቀበርነው

ዛሬ ወንድሜን ከቤታችን አውጥቶ ለአፈሳ ያስረከበውን ሰው ቀብረን መጣን።

ጋሼ አስማረ በደርግ ጊዜ እዚሁ ቆሰበር የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ ነበር። ሥራው እኛን መጠበቅ ነው ይባል ነበር። እውነትም ጠብቆናል፤ የማን ልጅ ለጦርነት እንደደረሰ አሳምሮ ያውቅ ነበር።

በገበያ ቀን ወጣት እየታፈሰ ወደ ጦር ሜዳ ሲጫን እናቴ ወንድሜን ሙሉቀንን ከቤት እንዳይወጣ ከለከለችው።

ሰውየው በጠራራ ፀሐይ ደጃችን መጣ። "እትዬ ጥሩነሽ፣ ሙሉቀንን ለአንድ ጉዳይ ፈልጌው ነበር። አሁኑኑ ይመለሳል" አላት።

ጎረቤት ነውና አመነችው። "ሙሉቀን፣ ና ውጣ፣ ጋሼ አስማረ ይፈልጉሃል" ብላ ራሷ ከጓዳ ጠራችው።

ከዚያ በኋላ የሰማነው ዳንግላ ላይ በወታደር መኪና ተጭኖ መታየቱን ብቻ ነው። መርዶ እንኳን አልመጣልንም።

ደርግ ወደቀ፤ ሰውየው ግን እዚያው ሰፈራችን ኖረ። እናቴ መንገድ ላይ ስታገኘው ሰላምታውን ትመልስለት ነበር። እኔ ፊቴን አዞር ነበር።

ዛሬ "እማዬ፣ አንቺ ደግሞ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?" አልኳት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቀድማኝ ወጣች። (ለነገሩ ዕድራችን አንድ ነው፤ ከቀብር መቅረት ያስቀጣል።)

ከቀብር ስንመለስ መንገድ ላይ ቆም አለችና "የእሱ ልጆች መቃብሩን ያውቁታል" አለችኝ።

በእናንተስ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው አለ? ሰላም ሲላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? እስቲ ጻፉልኝ፤ እኔ እስከ ዛሬ አላወቅሁበትም።